ማዘዝ ሲችል የለመነ፦ «ቢሲች» ስለሚባል አንድ የእንግሊዝኛ ግስ



በቅርቡ በወጣቶች ኅብረታችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የሮሜ መልእክት ምዕራፍ 12ን ጀምረን ነበር። እንደ ልማዳችን አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ ያነብባል፤ ከዚያ እንወያያለን። የእንግሊዝኛው ተራ የደረሳት እህት በስልኳ የከፈተችው የድሮውን የኪንግ ጄምስ ትርጉም ነበርና ገና ሁለተኛው ቃል ላይ ቆመች። «‹አይ ቢሲች› ይላል። ቢሲች ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ከጎኗ የተቀመጠው ወንድም፣ «‹ፕሊዝ› ነዋ! ሱፍ የለበሰ ‹ፕሊዝ›» አላት። ሳቅን፤ ንባቡም ቀጠለ።

እኔ ግን ያንን ቃል ይዤ ወደ ቤት ሄድሁ። ቀልዱ ግማሹ ትክክል ነው። ቃሉ በእርግጥ ሱፍ የለበሰ፣ ከዕለት ተዕለት ንግግር የራቀ ቃል ነው። ግማሹ ግን ያሳስታል። ሐዋርያው በዚያ ቦታ ያደረገው ነገር በጨዋ አነጋገር መናገር ብቻ አይደለም። ማዘዝ የሚችል ሰው ትእዛዙን ወደ ጎን አስቀምጦ ለመነ። ታዲያ ይህ የእንግሊዝኛ ግስ ያንን ድርጊት ምን ያህል ተሸከመው? ከእርሱ በኋላ የተተኩትስ ቃላት? የእኛው አማርኛስ? በዚህ ጽሑፍ አብረን የምንመረምረው ይህንን ነው። ጉዳዩ የቃላት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ ወደ መጨረሻው፣ እኔው ራሴ ስለ ጻፍሁት አንድ ደብዳቤ ስነግራችሁ ታያላችሁ።

ቃሉና አጠቃቀሙ

«ቢሲች» ማለት አጥብቆ፣ ከልብ፣ ራስን ዝቅ አድርጎ መለመን ነው። ከግሱ ቀጥሎ የሚለመነው ሰው ይመጣል፤ ከዚያ የሚለመንበት ጉዳይ ይከተላል። ኃላፊ ጊዜው «ቢሶት» ነው። ዛሬ «ቢሲችድ» የሚሉም አሉ፤ መዝገበ ቃላትም ይህንን ይቀበላል። በድሮው መጽሐፍ ቅዱስ የምታገኙት ግን «ቢሶት» የሚለውን ነው።

ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህንን ቃል የሚሰማው የት ነው? በድሮ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በጸሎት መጽሐፍ፣ በሼክስፒር ድራማዎች፣ ወይም ሰው ሆን ብሎ በድሮ አነጋገር ሲቀልድ ነው። ለሥራ በምታስገቡት ማመልከቻ ላይ ብትጽፉት አንባቢው ፈገግ ይላል። ጓደኛችሁን ባትሪ መሙያ ስትጠይቁ ብትጠቀሙበት ያሾፋችሁ ይመስለዋል። በሼክስፒር ዘመን እንኳ ቃሉ ሁለት መልክ ነበረው፤ አንዳንዴ ሰው ለሕይወቱ ሲማጸን ይገባል፣ አንዳንዴ ደግሞ «እስቲ እባክዎ» እንደ ማለት የጨዋ ሰዎች ወግ ብቻ ሆኖ ያልፋል። ስለዚህ የጥናት ጓደኛችን «ሱፍ የለበሰ ‹ፕሊዝ›» ሲል አንደኛውን መልክ በደንብ አይቶታል። የኪንግ ጄምስ ተርጓሚዎች በሮሜ 12 የፈለጉት ግን ሁለተኛውን፣ የሚማጸነውን ነው።

ሥሩ ወዴት ይወስደናል?

ቃሉ የተሠራው ከሁለት ቁራጮች ነው። ዋናው በጥንቱ እንግሊዝኛ «መፈለግ» ማለት የነበረው ግስ ነው፤ ዛሬ «ሲክ» የምንለው። ከፊቱ የተቀጠለው «ቢ» ድርጊቱን ያጠብቃል፣ ከሁሉም ዙሪያ ያደርገዋል። አንድ ላይ ሲሆኑ «አጥብቆ መፈለግ» እንደ ማለት ነው።

ታዲያ አንዱ «ሲክ» ሌላው «ሲች» የሆነው ለምንድን ነው? በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ሰሜንና ደቡብ ይህንን ቃል በተለያየ ድምፅ ይናገሩት ነበር። ሰሜኑ በ«ክ»፣ ደቡቡ በ«ች» ይጨርሰዋል። ውሎ አድሮ ብቻውን የቆመው ግስ የሰሜኑን ድምፅ ያዘ፤ ቅጥያ ያለው ደግሞ የደቡቡን ይዞ ቀረ። በሁለት ቤት እንዳደጉ ወንድማማቾች ናቸው። ዝምድናቸው የሚታየው በኃላፊ ጊዜያቸው ነው፤ የአንዱ «ሶት»፣ የሌላው «ቢሶት» ነውና።

ጀርመንኛም ከእነዚያው ሁለት ቁራጮች የሠራው ግስ አለው፤ «በዙኽን» ይባላል። ትርጉሙ ግን መለመን አይደለም፤ ሰውን ቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅ፣ መጎብኘት ነው። በሆላንድኛም እንዲሁ። ከአንድ ዘር እንግሊዙ ልመናን፣ ጀርመኑ ጉብኝትን አበቀለ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ከመድረክ ላይ «የዚህ ቃል ሥሩ እንዲህ ነው፤ ስለዚህ ትርጉሙ ይህ ነው» የሚል ስብከት ብዙ ጊዜ ሰምተናል። መንገዱ አደገኛ ነው። «መኪና» የምንለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን እዚያ ማንኛውንም ማሽን ያመለክታል፤ እኛ ግን «መኪና መጣ» ስንል የልብስ ስፌት ማሽን መጣ ማለታችን አይደለም። ልክ እንዲሁ እ.ኤ.አ. በ1611 «ቢሲች» ብሎ የጻፈ ሰው መፈለግን እያሰበ ላይሆን ይችላል። ሥሩን የነገርኋችሁ ለማስረጃ ሳይሆን ለምስል ነው። ወደ ሰው የሚሄድ ልመና የሚለውን ምስል ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከግሪኩ ጋር ስናስተያየው

ጳውሎስ በሮሜ 12 መጀመሪያ ላይ የተጠቀመበት የግሪክ ግስ «ፓራካሌኦ» ነው። እርሱም ከሁለት ቃላት የተሠራ ነው፤ «አጠገብ» እና «መጥራት»። ሰፊ ቃል ነው። እንደ ቦታው መለመን፣ መምከር፣ ማጽናናት ይሆናል። መንፈስ ቅዱስ በዮሐንስ ወንጌል «አጽናኝ» ተብሎ የተጠራበት ስም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በአገራችን «ጰራቅሊጦስ» እየተባለ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀውም ይኸው የግሪክ ስም ነው።

ዊልያም ቲንደል እ.ኤ.አ. በ1526 ባሳተመው አዲስ ኪዳን በሮሜ 12 ላይ «ቢሲች»ን መረጠ። ኪንግ ጄምስም በ1611 ተከተለው። እንግሊዝኛው ግን ግሪኩን ቃል በአንድ ቃል ሊሸከመው ስላልቻለ እንደ ቦታው ቀያየረው፤ ሲያጽናና «ኮምፈርት»፣ ሲመክር «ኤግዞርት»፣ ሲለምን «ቢሲች»። ይህ አያስነቅፍም፤ ማንም ተርጓሚ ማድረግ ያለበት ነው።

የሚያስነቅፈው ሌላ ቦታ ነው። እስቲ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ክፈቱና ማርቆስ ምዕራፍ 5ን ተመልከቱ። «ፓራካሌኦ» እዚያ አምስት ጊዜ ይገኛል፤ በቁጥር 10፣ 12፣ 17፣ 18 እና 23። በመጀመሪያ አጋንንት የያዘው ሰው ከአገር እንዳይሰድዳቸው ይለምናል። ቀጥሎ አጋንንቱ ወደ እሪያዎቹ እንዲሰድዳቸው ይለምናሉ። ከዚያ የአገሩ ሰዎች ጌታ ኢየሱስ ከአገራቸው እንዲወጣላቸው ይለምናሉ። ከዚያ የተፈወሰው ሰው አብሮት እንዲሆን ይለምናል። በመጨረሻ ኢያኢሮስ ስለ ልጁ ይለምናል። ማርቆስ አንዱን ግስ በአምስት አፍ ውስጥ አስቀመጠው።

ኪንግ ጄምስ ግን ሦስቱን በ«ቢሶት»፣ መካከለኞቹን ሁለቱን ደግሞ ዛሬ መጸለይ ብለን በምንፈታው «ፕሬይ» ተረጎመ። በዚያ ዘመን «ፕሬይ» ሰውን ለመለመንም ያገለግል ስለነበር ስህተት አልነበረም። ተርጓሚዎቹም በመቅድማቸው አንድን ቃል ሁልጊዜ በአንድ ቃል ለመተርጎም ራሳቸውን እንዳላሰሩ በግልጽ ተናግረዋል። ለእንግሊዝኛው ውበት ጠቅሞታል። አንባቢው ግን የማርቆስን ድርድር አጣ። የዛሬ ወጣት ደግሞ የጌርጌሴኖን ሰዎች ኢየሱስ እንዲሄድ «ጸለዩ» ብሎ አንብቦ ግራ ይጋባል።

በ1954 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አጠገቡ አስቀምጡት። በአምስቱም ቁጥሮች ያለው ግስ አንድ ነው፤ «ለመነ»። እዚህ ላይ አማርኛችን ከታላቁ ኪንግ ጄምስ ይልቅ ማርቆስን በቅርብ ተከትሎታል። «እንግሊዝኛው ይበልጥ ግልጽ ነው» እያልን የምንሮጥ ወጣቶች ይህንን ብናስተውል መልካም ነው።

አምስቱን ልመናዎች ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ደግሞ የሚያስደነግጥ ነገር ታያላችሁ። የአጋንንቱ ልመና ተፈቀደ። የአገሩ ሰዎች ልመና ተፈጸመ፤ ጌታ ሄደላቸው። የኢያኢሮስ ልመና ተሰማ። እንቢ የተባለው አንዱ ብቻ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ጌታን የወደደው፣ አብሬህ ልሁን ያለው ሰው። ወደ ቤቱ፣ ወደ ዘመዶቹ እንዲሄድ ተነገረው። ልመና ማለት ይህ ነው። መልሱ በለማኙ እጅ አይደለም። እንቢ የመባልን መንገድ ክፍት ያልተወ ቃል፣ ምንም ያህል ለስላሳ ቢሆን፣ ልመና አይባልም። ጸሎታችን ሁሉ «አውጃለሁ» እና «አዛለሁ» እየሆነ በመጣበት በዚህ ጊዜ፣ ያንን እንቢ ተብሎ የሄደ ሰው ማስታወስ ይጠቅመናል።

ጦር ይዞ የሚለምን

ይህ ግስ በእንግሊዝ ታሪክ ውስጥ ካገኛቸው ስመ ጥር ቦታዎች ሁለቱን ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው ጸሎት ነው። እ.ኤ.አ. በ1544 ሊቀ ጳጳሱ ቶማስ ክራንመር ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ የሚጸልየውን ሊታኒ በእንግሊዝኛ አዘጋጀ። በውስጡ መሪው ልመናውን አንድ በአንድ ሲያቀርብ ሕዝቡ ጌታ እንዲሰማው በ«ቢሲች» ደጋግሞ ይመልሳል። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ ሎሌው ቃሉን ከዚያ ተማረው። እዚህ ቦታ ቃሉ ሙሉ ነው፤ ለማኙ ምንም የለውም፣ የሚለመነው ሁሉ አለው።

ሁለተኛው ደብዳቤ ነው። ኦሊቨር ክሮምዌል እ.ኤ.አ. በ1650 የእንግሊዝን ጦር እየመራ ስኮትላንድ ገባ። ኦገስት 3 ቀን ለስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ ጻፈ። ምናልባት ተሳስታችሁ ሊሆን ይችላልና እስቲ አስቡበት ሲል «ቢሲች» በሚለው ግስ ለመናቸው፤ ልመናውንም በክርስቶስ አንጀት አሰረው። የዛሬ እንግሊዛዊ ይህንን «አንጀት» ሲያነብ ያስቀዋል። እኛ ግን «አንጀቴን በላው» የምንል ሕዝብ ስለሆንን ወዲያው ይገባናል። አነጋገሩም ከኪንግ ጄምስ የተወሰደ ነው፤ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ስለ ናፍቆቱ ሲጽፍ ይገኛል።

አሳቡ መልካም ነው። ከእምነት ክርክሮች መካከል «ተሳስቼ ይሆን?» ብሎ መጠየቅን ያህል የሚያስፈልገን ጥቂት ነው። ነገር ግን ደብዳቤው ከማን እጅ እንደ ወጣ እዩ። ከጀርባው ጦር ነበረ። ጉባኤው አልተቀበለውም። ከአንድ ወር በኋላ ሴፕቴምበር 3 ቀን ክሮምዌል ደንባር ላይ የስኮትላንድን ጦር ድል አደረገ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም ተማረኩ። ክሮምዌል ግብዝ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ከልቡ ለምኖ ሊሆን ይችላል። ቃሉ ግን እጁ ውስጥ ካለው ሰይፍ ጋር ሲነበብ ድምፁ ይቀየራል። እንቢ የማለት ዋጋው ጦርነት ሲሆን፣ «እለምናችኋለሁ» የሚለው ቃል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይሆናል።

አሁን የጳውሎስን መልእክት ወደ ፊልሞና አጠገቡ አኑሩት። አጭር ናት፤ 25 ቁጥር ብቻ። ጳውሎስ ስለ አናሲሞስ፣ ከጌታው ቤት ስለ ወጣው ባሪያ፣ ይጽፋል። በቁጥር 8 እና 9 ላይ የሚገባውን እንዲያደርግ ሊያዝዘው ድፍረት እንዳለው፣ ነገር ግን ስለ ፍቅር መለመንን እንደ መረጠ ይነግረዋል። ግሱ ያው «ፓራካሌኦ» ነው፤ ኪንግ ጄምስም «ቢሲች» ይለዋል። ይህ ሰው ጦር የለውም፤ ራሱ በእስራት ነው። ያለው ሥልጣን ሐዋርያነቱ ነው፤ እርሱንም አውቆ አስቀመጠው።

በሐቀኝነት ለመናገር፣ በዚያች መልእክት ውስጥም ግፊት አለ። በቁጥር 19 ጳውሎስ ፊልሞና የራሱ የነፍሱ ባለ ዕዳ መሆኑን ጠቆም ያደርገዋል። በቁጥር 22 ደግሞ ማደሪያ እንዲያዘጋጅለት ያሳስበዋል፤ መጥቼ አይሃለሁ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ «ጳውሎስ ምንም አልገፋም» ብንል ጽሑፉን አላነበብንም ማለት ነው። ቢሆንም በቁጥር 14 በጎነቱ በግድ ሳይሆን በፈቃድ እንዲሆን ስለ ፈለገ ያለ እርሱ አሳብ ምንም ሊያደርግ እንዳልወደደ ይናገራል። ዐረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ውሳኔው ያለው በፊልሞና እጅ ነው። መልእክቷም ፊልሞና ምን እንደ መለሰ ሳትነግረን ታበቃለች።

የሚገፉ ቃላት

ዛሬ ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ የምታነቡት ኪንግ ጄምስን ሳይሆን ኤን አይ ቪን ነው። በሮሜ 12 ላይ «ቢሲች»ን አውጥቶ «ኧርጅ» አግብቷል። ከእርሱ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የአር ኤስ ቪ አዲስ ኪዳን «አፒል» ብሎ ነበር። በ1982 የተጠናቀቀው ኒው ኪንግ ጄምስ ግን «ቢሲች»ን እንዳለ አቆየው።

ማን ትክክል ነው? «ቢሲች» ለዛሬ አንባቢ ደርቋል፤ ያቺ እህታችን መቆሟ ምስክር ነው። መቀየሩ ምክንያት አለው። «ኧርጅ»ም የግሪኩን የመምከር ወገን ይዟል፤ ስህተት ነው አልልም። ነገር ግን ከላቲን የመጣበት ግስ መግፋት፣ መጫን ማለት ነው፤ በዚህ ቃል ላይ ደግሞ የሥሩ ነገር ዛሬም ይሰማል። «ኧርጅ» የሚል ሰው ከኋላችሁ ቆሞ ወደ ፊት ይላችኋል። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ለሠራተኞቹ በሚልከው ኢሜይል ውስጥ በምቾት ይቀመጣል። «አፒል» የተሻለ ነው፤ ወደ ሰው የሚቀርብ ጥሪ ነውና። እርሱ ደግሞ የፍርድ ቤት ሽታ አለው፤ እኛ «ይግባኝ» የምንለው በእንግሊዝኛ ይኸው ቃል ነው። ኤን አይ ቪ ራሱ ወደ ፊልሞና ሲደርስ «ኧርጅ»ን ትቶ «አፒል»ን መረጠ፤ ማዘዝና መለመን ፊት ለፊት በቆሙበት ቦታ የሚገፋው ቃል እንደማይሆን ተርጓሚዎቹ አስተውለዋል ማለት ነው። ለሮሜ 12ም ይህንኑ ቢያደርጉ በወደድሁ።

የእኛው «ለመነ»

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የ1954ቱ ትርጉም በሮሜ 12ም በፊልሞናም «ለመነ»ን ይጠቀማል። ይህ ቃል ሱፍ አልለበሰም። ከእርሱ የወጣው ስም «ለማኝ» ነው። በየመንገዱ ጥግ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እጁን የዘረጋው ሰው የሚጠራበት ቃል ነው። «እለምናችኋለሁ» የሚል ሐዋርያ በአማርኛ ራሱን ከዚያ ሰው ጎን ያስቀምጣል። እንግሊዝኛ ይህንን ውርደት የሚሸከም ቃል «ቤግ» ነበረው፤ ኪንግ ጄምስ በዚህ ቦታ አልመረጠውም፤ ክብር ያለውን መረጠ። አማርኛችን አላፈረም።

ስንለምን ደግሞ የምንይዘው መያዣ አለን። እንግዳ ቤት ገብቶ አልበላም ሲል እናቶቻችን «በሞቴ!» ይላሉ። «አፈር ስሆን ቅመስልኝ» ይላሉ። ቤቱ የእርሳቸው፣ እንጀራው የእርሳቸው፣ ለማኟ ግን እርሳቸው ናቸው። እስቲ አስቡት። ሰጪው ተቀባዩን ይለምናል፤ ለመያዣም የራሱን ሞት ያቀርባል። ጳውሎስም በሮሜ 12 ልመናውን በ«በ» ያስራል፤ የያዘው መያዣ ግን የእግዚአብሔር ርኅራኄ ነው። ያም ርኅራኄ ባዶ መሐላ አይደለም፤ ከምዕራፍ 1 እስከ 11 ሲዘረዝረው የቆየው ነው። 11 ምዕራፍ ሙሉ ገበታውን ዘርግቶ ከጨረሰ በኋላ ነው ቅመሱልኝ ያለው።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። በ2ኛ ቆሮንቶስ 5፥20 ላይ ሁለት የግሪክ ግሶች ተከታትለው ይመጣሉ። ሁለተኛው የመልእክተኞቹ ልመና ነው፤ አማርኛው በዚያ «ለመነ»ን ይጠቀማል። የመጀመሪያው «ፓራካሌኦ» ነው፤ ባለቤቱም እግዚአብሔር ነው። የ1954ቱ ተርጓሚዎች እዚህ ቦታ «ማለደ» የሚለውን ግስ አገቡ። ምልጃ እኛ የምናውቀው በሁለት ሰዎች መካከል ገብቶ፣ ሽማግሌ ሆኖ፣ እግር ላይ ወድቆ ማስታረቅ ነው። የተበደለው ራሱ አማላጅ ሲሆን ግን የት አይተን እናውቃለን? አንድ ነቃፊ «‹መለመን› ለእግዚአብሔር ይከብዳልና ነው ያለዘቡት» ሊል ይችላል። እኔ ግን እንዳለዘቡት አይሰማኝም። ለማኝ ደጅ ላይ ይቆማል፤ አማላጅ ግን ቤት ድረስ ይመጣል። የጀርመኑን «በዙኽን» አስታወሳችሁ?

ስለ ደብዳቤው

አሁን የገባሁላችሁን ቃል ልፈጽም። ከዓመታት በፊት በአንድ የወጣቶች ኅብረት ጸሐፊ ነበርሁ። ከመዘምራኑ አንድ ወንድም ሁለት ወር ያህል ከልምምድም ከአገልግሎትም ቀረ። ኮሚቴው ተነጋገረ፤ ደብዳቤ እንድጽፍ ተወሰነ፤ ጻፍሁ። ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የቀዳሁት ቋንቋ ነበር። በተደጋጋሚ መቅረቱን ዘረዘርሁ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ቀርቦ ምክንያቱን እንዲያስረዳ «በጥብቅ እናሳስባለን» ብዬ ቋጨሁ። ማኅተም አስመታሁበት። ከላይ የጥቅስ ቁጥርም አስገብቼበት ነበር፤ ሮሜ 12፥1።

አልመጣም። እኛም ስሙን ከዝርዝሩ አወጣን። ከብዙ ጊዜ በኋላ ታክሲ ውስጥ ተገናኘን። አባቱ ታመው አልጋ ላይ ውለው፣ እርሱ ቀን እየሠራ ሌሊት ሲያስታምማቸው እንደነበር ነገረኝ። አርፈዋል። ደብዳቤው ደርሶህ ነበር ወይ አልሁት። «ደርሶኛል፤ ሰው ግን አልመጣም» አለኝ። ሳይቆጣ ነው ያለው። ዛሬ በሌላ ቤተ ክርስቲያን ያመልካል፤ ሰላምታ አለን፣ ከዚያ ያለፈ ግን የለም።

«እናሳስባለን» የአማርኛው «ኧርጅ» ነው። ከኋላ የሚገፋ ቃል። እኔ የጠቀስሁት ቁጥር ውስጥ የነበረው ግን «እለምናለሁ» ነበር፤ ጠቀስሁት እንጂ አላነበብሁትም። ሥርዓት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ጳውሎስም ያዘዘባቸው ቦታዎች አሉ። ጥፋቴ ሥልጣኔን መጠቀሜ ብቻ አልነበረም። ማዘዝ ከመጀመሬ በፊት መለመን እንደነበረብኝ፣ ለመለመን ደግሞ መሄድ እንደነበረብኝ አለማወቄ ነው።

ስለዚህ ለቀጣዩ ጥናታችሁ አንድ ሥራ ልተውላችሁ። እርሳስ ይዛችሁ ማርቆስ 5ን፣ ሮሜ 12ን፣ 2ኛ ቆሮንቶስ 5ንና ፊልሞናን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አንብቡ። «ለመነ» እና «ማለደ» ባሉበት አስምሩ፤ እንግሊዝኛው በየትኛው ቃል እንደ ለወጠው ጎኑ ላይ ጻፉ። ከዚያ በኅብረታችሁ ውስጥ ሰሞኑን የቀረ ማን እንደሆነ ተነጋገሩ። ደብዳቤ አትጻፉለት። ሁለት ሆናችሁ ቤቱ ሂዱ። እንቢ ካለም ሰላም ብላችሁት ተመለሱ፤ ሌላ ቀን ደግሞ ሂዱ።

ጌታ ይባርካችሁ።